የአሮጌ አፈር ጠበቃ፦ የዶክተር ዓይናዲስ ካሴ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ዓይናዲስ ካሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ካሴ ዘመነና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አማረ፣ በጎጃም ከደብረ ወርቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ወይራ አምባ በተባለች መንደር መስከረም 21 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የብዙኃን ማርያም በዓል ስለነበረ ክርስትና ሲነሡ ወለተ ማርያም ተባሉ። ለአባትና ለእናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥዬ የተወለድሁት ደግሞ እኔ፣ ይህን ታሪክ የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ታየች ነኝ። ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ በጉባኤ ፊት «እርሳቸው» ማለት አፌን ቢይዘኝም፣ ወጉ ነውና እንደ ወጉ እጽፋለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ ይስቁብኝ ነበር።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ከጉባኤው መካከል አትቀመጥምና ዓይናዲስ በአጥሩ ቀዳዳ እያዳመጡ አደጉ። አንድ ቃል ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁ ነበር። በቤታችን በነገር የሚችላቸው አልነበረም። እናታችን «ወተቱን ደፋሽው?» ብለው ሲቆጡ፣ «አልደፋሁትም፣ ራሱ ነው የወረደ» ብለው የሚመልሱ ልጅ ነበሩ። አባታችን ይህን ሲሰሙ ለመቆጣት ፊታቸውን ያጠቁሩና ጓሮ ሄደው ይስቁ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረባቸው፤ አፈር ይበሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ላሳፍራቸው ብዬ አይደለም፤ ራሳቸው በየስብሰባው የሚያወሩት ጉዳይ ነው። እናታችን ጣታቸውን በሬት እየቀቡ፣ ጸበል እያስጠመቁ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እያማከሩ ብዙ ተጨነቁ። በአገራችን «አፈር ብላ» ስድብ ነው፤ ለእኛዋ ልጅ ግን መክሰስ ነበር። ደግሞም መራጭ ነበሩ። ከደጃችን ያለውን ቀዩን አፈር ትተው ከወይራው ሥር ያለውን ጥቁሩን ነበር የሚፈልጉት። ኋላ የአፈር ሊቅ ሲሆኑ ይህን እያነሡ «ምርምሬን የጀመርሁት በምላሴ ነው» ይሉ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ወርቅ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ከአክስታችን ዘንድ ተቀምጠው በደብረ ማርቆስ አጠናቀዋል። በ1974 ዓ.ም. ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ ሲመደቡ መንደሩ ጉድ አለ። ሴት ልጅ እርሻ ለመማር ሐረርጌ ድረስ ትሄዳለች ወይ፣ እርሻ እዚህ ጠፍቶ ነው ወይ ያላለ ሰው አልነበረም። አባታችን ግን ትሂድ አሉ፤ አገሩ ሁሉ የሚያርሰውን መሬት የሚያውቅለት አንድ ሰው እንኳ ቢኖር አይከፋም ብለው ስንቃቸውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው እስከ አውቶቡሱ ሸኟቸው። በ1978 ዓ.ም. በአፈር ሳይንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ፎቶግራፉን ሁላችሁም አይታችሁታል፤ በእጃችሁ ባለው ወረቀት በጀርባው ገጽ ላይ ያለው ነው።

ሥራ የጀመሩት በደጀን በግብርና ባለሙያነት ነው። በዚያን ጊዜ የግብርና ባለሙያ ዋናው ተግባር ማዳበሪያ ማደል ነበር። እርሳቸውም ያድሉ ነበር፤ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። ያው ማዳበሪያ በአንዱ ገበሬ ማሳ ስንዴውን እንደ ጎረምሳ ሲያቆመው፣ በጎረቤቱ ማሳ ደግሞ የትም ገብቶ ይቀራል። ገበሬው በዕድሉ ያማርራል፣ አለቆቻቸውም በገበሬው ያማርራሉ። ዶክተር ዓይናዲስ ግን ገበሬውንም ዕድሉንም ትተው አፈሩን ጠየቁ። ያን ጊዜ የጠየቁትን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም፤ አፈር ስንት ዘመኑ ነው? ሲያረጅስ ማን ያበላዋል?

በጥር ወር 1981 ዓ.ም. በደጀን የሒሳብ መምህር ከነበሩት ከአቶ ገዳሙ ፈንታዬ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። አቶ ገዳሙ ምን ዓይነት ሴት እንዳገቡ ያወቁት ከሠርጉ ማግስት ብዙም ሳይቆይ ነው። ሙሽራይቱ «ዓባይ በረሃን ላሳይህ» ብለው ይዘዋቸው ወርደው ሲመለሱ፣ ሙሽራው ያን ሁሉ ዳገት አፈር የሞላ ከረጢት ተሸክመው ወጡት። ያን ጊዜ ያልተፈታ ትዳር መቼም አይፈታ ብለን ስቀናል፤ አልተፈታምም። አምደሚካኤልና ሂዊ የተባሉ ልጆች ወልደው በሥነ ሥርዓት አሳድገዋል።

በ1987 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን ሄዱ። ልጆቹ ሉማሜ እኔ ዘንድ፣ ከሻይ ቤቴ ጓዳ አደጉ። ዶክተር ዓይናዲስ ክረምት በመጣ ቁጥር ይመጣሉ፤ ግን መጣሁ ብለው ቤት አይቀመጡም። ከደጀን በታች ገደል ተንዶ ድንጋዩ የተጋለጠበት አዲስ መሬት ነበር። ከዚያ አለፍ ብሎ አያቶቻችን ልጆች ሳሉ ተንዶ ኋላ ቁጥቋጦ ያበቀለ አለ። ከዚያ ደግሞ ማንም ሲናድ ያላየው፣ ዕድሜውን የሚያውቅለት የሌለ አሮጌ ደን አለ። የእነዚህን ሁሉ አፈር እያነጻጸሩ ነው የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙት። እኔም ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ጫማ ሳጥብ ከረምሁ ማለት ነው።

ምን እንዳገኙ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና እኔ እንደገባኝ ልናገር። እርሳቸው ቢኖሩ «አሳጠርሽው» ብለው ይቆጡኝ ነበር። በአንዲት እፍኝ የደን አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን አሉ፤ ብዛታቸው ከሰው ልጅ ሁሉ ይበልጣል። የወደቀውን ቅጠል የሚያበስሉት፣ ለሥሩም የሚያቀርቡት እነርሱ ናቸው። አፈር ገና አዲስ ሳለ ከድንጋዩ ፎስፈረስ የሚባለውን ምግብ እንደልቡ ይበላል፤ የሚጎድለው ናይትሮጅን ነው፣ እርሱንም ተሕዋስያኑ ከአየር እያወረዱ ያጠራቅሙለታል። አፈሩ እያረጀ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋዩ አልቋል። ከፎስፈረሱ ከፊሉ በዝናብ ታጥቦ ሄዷል፣ የቀረውንም ቀዩ አፈር ቆልፎ ይዞታል። አለ፣ ግን አይበላም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ያ አሮጌ ደን በምን ይኖራል ቢባል፣ በገዛ ቅጠሉ ነው። ዛፉ ያረግፋል፣ ተሕዋስያኑ በልተው በአካላቸው ያቆዩለታል፣ እነርሱ ሲሞቱ ሥሩ መልሶ ይወስዳል። ከውጭ የሚመጣለት እምብዛም የለም። ስለዚህ ከአዲስ ደን ቅጠል ብትወስዱ ደኑ ይጎዳል እንጂ ይችለዋል፤ ከአሮጌ ደን ቅጠል መውሰድ ግን ከጡረተኛ እጅ ጡረታውን እንደ መቀማት ነው። ይህን ያረጋገጡት የእኛ የመሪጌታ ካሴ ልጅ ናቸው። ዛሬ የእርሳቸውን ጥናት የውጭ አገር ተማሪዎችም ይማሩታል። እኔ ብኮራ ማን ይፈርድብኛል?

በ1994 ዓ.ም. «ዶክተር» ተብለው ሲመለሱ ወይራ አምባ በእልልታ ተቀበለቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ደጃችን በበሽተኛ ሞላ። አንዷ ጉልበቷን፣ አንዱ ጨጓራውን ይዞ መጥቷል። የሰው ሳይሆን የአፈር ዶክተር መሆናቸውን ማስረዳት ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ እናታችንም ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ያንኑ የከለከልሁሽን ነው ወይ ብለው አዘኑ። ከዚያም በግብርና ምርምር ሥራ፣ ኋላም በደብረ ማርቆስ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ብዙ ተማሪዎችን አስተምረው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ቆመው አያቸዋለሁ፤ ፀጉራቸው ሸብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረትን ደን የማያውቅ ዛሬ ከመካከላችን የለም። በዙሪያዋ እርሻና ባሕር ዛፍ እንጂ ሌላ በሌለበት አገር ጥዱን፣ ወይራውን፣ ዋንዛውን ይዛ የቆየች እርሷ ናት። ከዚህ ደን ዛፍ መቁረጥ ከጥንት ጀምሮ ግዝት ስለሆነ እጁን የሚሰነዝር አልነበረም። ሆኖም ዶክተር ዓይናዲስ ከትምህርት ከተመለሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እናታችን ካረፉ ወዲህ ሲያዩት ትልልቆቹ ዛፎች ከጫፋቸው እየደረቁ ነው፤ ከሥራቸውም አንድ ችግኝ አይታይም። ሕዝቡ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይላል። የሰበካ ጉባኤው የደረቀውን ቆርጦ በምትኩ ባሕር ዛፍ ለመትከል ተዘጋጅቶ ነበር። የእህቴ ልብ የደማው ያን ጊዜ ነው። በስዊድን ጽፈው የተመረቁበትን ነገር በገዛ አገራቸው፣ እናትና አባታቸው በተቀበሩበት ደን ላይ ሲፈጸም አዩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በሽታ እንዳይገባ ተብሎ በየቤቱና በየሰፈሩ ጉድፍ ተጠርጎ ይቃጠላል። የደብሩ ወጣቶችም የእመቤታችን ደጅ ከሰው ደጅ አያንስም ብለው ከዛፎቹ ሥር ያለውን ቅጠል በሙሉ ጠርገው፣ እንደ ተራራ ከምረው ያነዱት ነበር። በቅን ልብ ነው ያደረጉት፤ ጠርጎ የማይጨርስ ሰነፍ ይባል ነበር። ታዲያ ናይትሮጅኑ በጭስ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ፎስፈረሱ ከአመዱ ጋር አንድ ቦታ ይቀርና ነፋስና ጎርፍ ይወስደዋል። ያ አሮጌ አፈር በያመቱ ጦሙን ያድራል። ዛፍ እንዳይቆረጥ የገዘተ አገር በገዛ እጁ ዛፉን በረሃብ ይገድል ነበር ማለት ነው።

በ2002 ዓ.ም. ይህንኑ ለማረጋገጥ አፈር ሊወስዱ ገቡ፤ ያውም ያለ ማስታወቂያ። የደብሩ ዘበኛ አንዲት ሴት በመቃብር መካከል ተንበርክካ አፈር በላስቲክ ስትሞላ ቢያይ ምን ያስብ? የመቃብር አፈር ለድግምት እንደሚፈለግ አገር ያውቃል። ደግሞ የመሪጌታ ልጅ! እጃቸውን ይዞ ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈባቸው። ወሬው እኔ ዘንድ ሉማሜ የደረሰው «እህትሽ መተት ስትሠራ ተያዘች» ተብሎ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት እንዳላማው መጥተው፣ አፈሩን ለምን እንደወሰዱት ጠየቋቸው። በውስጡ ያሉትን ለመቁጠር ነው አሉ። መልአከ ገነትም «ልጄ፣ በዚህ አፈር ውስጥ ያሉት ሙታን ናቸው» አሏቸው።

«እኔ የምፈልገው ሕያዋኑን ነው፣ አባ» ሲሉ መለሱ።

መልአከ ገነት የአባታችን ደቀ መዝሙር ነበሩና ይህን ሲሰሙ የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠፋቸውም። ስቀው ፈቷቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ፤ ወዳጅ ሲሆኑ ግን በነገር አይተላለፉም ነበር። አስተዳዳሪው ከቤተልሔሙ ጀርባ ያለችውን ጥግ ሳትጠረግ እንድትቆይ ፈቀዱላቸው። በሁለተኛው ክረምት በዚያች ጥግ ብቻ የወይራና የጥድ ችግኝ ብቅ አለ። በአጉሊ መነጽርም የአፈሩን ተሕዋስያን ለካህናቱ አሳዩአቸው፤ አንዳንዶቹ አማተቡ። የሆነ ሆኖ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች አልተረቱም። ችግኙ ይብቀል፣ ግን ኅዳር ሳይታጠን ቀርቶ በሽታ ቢገባስ ማን ይጠየቃል? ዶክተርዋ ፈረንጅ አገር ከርመው መጥተው በእመቤታችን ደጅ ቆሻሻ ይቀመጥ ይላሉ እየተባለ ታሙ።

ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጉዳዩ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሣ። ዶክተር ዓይናዲስ ያን ቀን ስለ ፎስፈረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ «አባቶቼ፣ እኔ ያባቶቻችንን ወግ አላፈርስም። አባቶቻችን ኅዳር ይታጠን አሉ እንጂ ኅዳር ይቃጠል አላሉም። ማጠን የካህን ሥራ ነው፤ ማቃጠልን ማን አመጣው?» አሉ።

እኔ እዚያ ነበርሁ። መልአከ ገነት እንዳላማው ፈገግ አሉና፣ ይህ የመሪጌታ ካሴ ልጅ ቃል ነው፣ እንግዲህ ይታጠን እንጂ አይቃጠል አሉ። በዚያ ዓመት ኅዳር 12 ቀን ጽና ይዘው፣ ዕጣን ጨምረው፣ ደኑን ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ አጠኑት። ቅጠሉ ካለበት አልተነካም። በሽታም አልገባም። ያን ለት እህቴ ከአንዱ ወይራ ተደግፈው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ከስዊድን ማዕረጋቸውን ይዘው ሲመጡ እንኳ አላለቀሱም ነበር።

አስተዳዳሪው ነገሩን ለማጽናት ብለው መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ፤ ከዚህ ደን ቅጠል ያቃጠለ፣ ቅጠልም ሆነ አፈር ያወጣ ውግዝ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እህቴ አብረው አሜን ካሉ በኋላ ነው ክው ያሉት። ለካ አፈር የሚያወጣ ከእርሳቸው በቀር ማንም የለም! ለደኑ ብለው አሜን ያሉበት ግዝት ምርምራቸውን ዘጋው። እንደገና ወደ መልአከ ገነት ሄደው ለመኑ። እርሳቸውም ያወጡትን እስከመለሱ ድረስ እንዲያወጡ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቻቸው ከደብረ ማርቆስ ላቦራቶሪ የተረፈውን አፈር በየዓመቱ ይዘው እየመጡ ከወሰዱበት ቦታ ይመልሱ ነበር። በኬሚካል የተነካውን እፍኝ ብቻ፣ ደኑን ይበክላል ብለው አስፈቅደው አስቀርተውታል። በየትኛው ዓለም ያለ ሳይንቲስት ነው አፈር ተበድሮ የሚመልስ? የእኛዋ ናቸው።

ሕዝቡም ግዝቱን ከሚገባው በላይ ጠበቀው። ሴቶች ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ነጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ወንዶች ጫማቸውን ገልብጠው ያያሉ። አቶ ድረስ የተባሉ ሽማግሌ ከኪዳነ ምሕረት ተነሥተው ወደ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ በደጀን ዞረው ሉማሜ ሲደርሱ፣ ከሻይ ቤቴ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ አንዲት የዋንዛ ቅጠል አገኙ። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። አንዲት ቅጠል ምን ታደርጋለች ብዬ ብለምናቸው፣ ውግዝ ሆኜ ከምሞት መንገድ ብደግም ይሻላል ብለው የመጣውን አውቶቡስ ተሳፍረው ተመለሱ። ለእህቴ በስልክ ስነግራቸው የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን፣ እኔ ይህን ያህል ዘመን አስተምሬ እንዲህ ያለ ተማሪ አላፈራሁም አሉኝ።

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ ነገሩ እንደገና ተፈተነ። ሰው በጣም ፈርቶ ነበር። ዘንድሮስ ጭስ ያስፈልጋል፣ ቅጠሉ ይቃጠል የሚል ብዙ ሆነ። መልአከ ገነት አርጅተው በሰው ተደግፈው ይሄዱ ነበር፤ ቢሆንም ያን ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ደኑን አጠኑ። ዶክተር ዓይናዲስም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከኋላቸው ተከተሉ። ቅጠሉ ዳነ። ዛሬ ከሥሩ ቆማችሁ ፀሐይ የተከለላችሁበት ወጣት ወይራ ሁሉ ቅጠሉ መቃጠሉ ከቀረ ወዲህ የበቀለ ነው።

መልአከ ገነት እንዳላማው በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። በምትካቸው ቀሲስ ፈቃዱ ከሌላ አጥቢያ ተሹመው መጡ። በዚያው ሰሞን አንዳንድ ሰዎች የገዘቱት አባት ካረፉ ግዝቱስ ምን ይሆናል፣ ግቢው ተጠርጎ ቢያምርስ እያሉ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ዶክተር ዓይናዲስ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ታመው በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ፣ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ፣ እየተመላለሱ ይታከሙ ነበር። እኔ ስለ መድኃኒታቸው ስጨነቅ እርሳቸው የሚጨነቁት ስለ ቅጠሉ ነበር። አባ ሄደዋል፣ እኔም ከሄድሁ ማን ይጠብቀዋል ይሉ ነበር። በያዝነው ዓመት ጥቅምት ላይ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው፤ ባለፉት ሳምንታት ዓይናቸውን በገለጡ ቁጥር «ታየች፣ ኅዳር ደረሰ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ለቀሲስ ፈቃዱም በስልክ ደውለው፣ «አባ፣ አፈር ስሆን፣ ቅጠሉን አያስነኩብኝ» ብለው ለመኑ። ቀሲስም እናያለን ብለው ነበር የመለሱላቸው። ይህ «አፈር ስሆን» በአገራችን የልመና ቃል ነው። እህቴ ግን ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩና፣ «የምሬን እኮ ነው፤ ልሆን ነው» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ዶክተር ዓይናዲስ ካሴ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በደብረ ማርቆስ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አምደሚካኤል ባሉበት፣ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ኅዳር 12ን ሳያዩ ሄዱ። ከባለቤታቸው ከአቶ ገዳሙ ፈንታዬ ሌላ የአምደሚካኤልና የሂዊ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ፤ እኔንም እህታቸውን ትተውኛል። ሂዊ ከስዊድን እስክትደርስ ቀብሩ ለዛሬ ቆይቷል። መቃብራቸው ከትልልቆቹ ዛፎች መካከል ሳይሆን ከደኑ ዳርቻ የሆነው በገዛ ኑዛዜያቸው ነው፤ በእኔ ምክንያት አንድ ሥር እንዳይቆረጥ ብለዋል።

ትናንት ኅዳር 12 ቀን የመቃብሩን ቦታ ለማየት ወደዚህ መጣሁ። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ በየመንደሩ ጭስ ቆሞ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ ሽቅብ ስወጣ የወይራ አምባን ሰማይ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሳት ካየሁ ይህን ጽሑፍ ቀድጄ እንደምጥለው ለራሴ ምዬ ነበር። ደጀ ሰላሙን አልፌ ስገባ ቀሲስ ፈቃዱ ጽና ይዘው ከዛፍ ዛፍ ሲዞሩ አገኘኋቸው። ከኋላቸው መንደሩ በሙሉ ተከትሏል፤ ወጣቶቹም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ቅጠሉ ከእግራቸው በታች ይንኮሻኮሻል። ቀሲስ አጥነው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡና አጽናኑኝ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ይጠረግ ብዬ ነበር። ሕዝቡ ነው እምቢ ያለኝ» አሉኝ።

እኔም እዚያው ቅጠሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ያለቀስሁት በሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ኩራትም ነበረበት።

ወገኖቼ፣ አንድ አደራ አለባችሁ። ከመቃብሩ የወጣው ጥቁሩ አፈር በቀኝ በኩል፣ ቀዩ በግራ በኩል ለብቻ ተቀምጧል። ስትመልሱ ቀዩን አስቀድሙ፣ ጥቁሩ ከላይ ይሁን፣ ቅጠሉንም ከላዩ መልሱበት። ስትመርቁም እንደ ልማዳችን «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» አትበሉብኝ፤ ገለባ የሆነ አፈር ምን ማለት እንደሆነ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነግሩን ኖረዋል። ይልቅ አብራችሁኝ እንዲህ በሉ፦ እግዚአብሔር የወለተ ማርያምን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ አፈሩንም ወፍራምና ለም ያድርግላቸው። አሜን።